የነዳጅ ዋጋና የታክሲ ታሪፍ፦ ከየካቲት 1966 እስከ ዘመናችን



የዛሬው ርእሴ ከቤተ መዛግብት ይልቅ ከታክሲ ሰልፍ ላይ የተለቀመ ይመስላል። የሕዝብ ትራንስፖርት ታሪፍ ለምን ይጨምራል? ጥያቄውን በመንገድ ላይ ላገኛችሁት ሰው ብታቀርቡለት «ነዳጅ ስለጨመረ ነዋ!» ይላችኋል። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። በአገራችን ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ነዳጅ በስንት እንደሚሸጥም ሆነ ተሳፋሪ ስንት እንደሚከፍል በአብዛኛው የወሰነው መንግሥት ነው። እንግዲህ በፊታችን ያሉት ሁለት ዋጋዎች ናቸው፤ ሁለቱም የሚቆረጡት በመንግሥት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቀንና በአንድ እጅ የሚቆረጡበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ላስረዳ የምሻው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መንግሥት አንደኛውን ዋጋ አንቀሳቅሶ ሌላውን ባለበት ሲያቆም፣ በመካከል የሚፈጠረው ልዩነት አይጠፋም። አንድ ሰው ይከፍለዋል። አንዳንድ ጊዜ ሾፌሩ፣ አንዳንድ ጊዜ ግምጃ ቤቱ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ተሳፋሪው በጊዜው፣ በጉልበቱና በተቆራረጠ ጉዞ ይከፍለዋል። የታሪፍ ታሪክን ስናጠና ይህን ከፋይ በየዘመኑ ፈልገን ማግኘት ይኖርብናል። ዓመታቱን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ አገር ሁነት ሲሆን ግን እጠቁማለሁ።

ከነፃነት በኋላ የነበረችው ከተማ

የአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት የተጀመረው ከጣሊያን ወረራ ማግሥት፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ጣሊያን ጥሎት በሄደው ተሽከርካሪ የተጀመረው ይህ ሥራ በኋላ አንበሳ የተሰኘው የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ። ከአውቶቡሱ ጎን ደግሞ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ትናንሽ ታክሲዎች እየበዙ መጡ፤ በተለይ ፊያት ሰይቼንቶ የከተማዋ መለያ እስከ መሆን ደረሰች።

ለዛሬው ጉዳያችን ከዚህ ዘመን አንድ ነገር ብቻ እንያዝ። አውቶቡሱ የትልቅ ኩባንያ ንብረት ነበር። ታክሲው ግን የብዙ ትናንሽ ባለንብረቶችና በየቀኑ ከሚያገኙት ላይ የሚኖሩ ሾፌሮች መተዳደሪያ ነበር። የወጪ ንረት ሲመጣ ኩባንያው ኪሳራውን ለተወሰነ ጊዜ ሊሸከም፣ ሊበደር ወይም ድጎማ ሊጠይቅ ይችላል። የታክሲ ሾፌር ያለው አቅም ከጠዋት እስከ ማታ ያለው ነው። የነዳጅ ዋጋ ዛሬ ጨምሮ ታሪፉ ካልተነካ፣ ልዩነቱ ዛሬ ማታ በቤቱ ማዕድ ላይ ይታያል።

የካቲት 1966

እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ከአረብና እስራኤል ጦርነት በኋላ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ አደገ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ መንግሥት በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል እንዲጨምር አደረገ። የታክሲ ታሪፍ ግን በዚያው ልክ እንዲስተካከል አልተደረገም። አንደኛው ዋጋ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለተኛው ቆመ። ሁለቱን ዋጋዎች ለይተን እንድናይ የሚያስገድደን የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ ይህ ነው።

የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወም አድማ መቱ፤ ተማሪዎችና ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጅ ዋጋ መቀነሱንና የትምህርት ዘርፍ ጥናቱ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን አስታወቁ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «አብዮቱን ታክሲ ነጂዎች አመጡት» ብሎ መጻፍ ታሪክን ማቅለል ነው። የወሎ ረኀብ ነበር፤ የመሬት ጥያቄ ነበር፤ ከጥር ጀምሮ ከነገሌ ቦረና የተነሣው የወታደሮች እንቅስቃሴ ነበር። ታክሲዎቹ የፈጸሙት የተለየ ተግባር ነው። የመምህሩና የወታደሩ ቅሬታ በየተቋሙ ግቢ ውስጥ ሊታጠር ይችል ነበር። ታክሲ ሲቆም ግን ከተማዋ በሙሉ በእግሯ ስትሄድ ታድራለች፤ የመንግሥት ውሳኔ በየሰው ጫማ ላይ ይጻፋል። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ2013 የ20 ሳንቲም ጭማሪ፣ በቺሊ ዋና ከተማ በ2019 የ30 ፔሶ ጭማሪ ሚሊዮኖችን አደባባይ ያወጣው በገንዘቡ መጠን ብቻ ተለክቶ አይደለም። ታሪፍ ሌላው ብሶት ሁሉ የሚሰባሰብበት ቦታ ስለሆነ ነው።

የየካቲት ልምድ ከዚያ በኋላ ለመጡት መንግሥታት ሁሉ ትምህርት የሆነ ይመስለኛል። ትምህርቱ ግን «ሁለቱን ዋጋዎች አጣጥም» የሚል አልነበረም። «ታሪፍን አትንካ፤ ከነካህም ቀስ ብለህ ንካ» የሚል ነበር።

ርካሽ ታሪፍና ረጅም ወረፋ

ደርግ አንበሳን ወረሰ። የጭነትና የአገር አቋራጭ ተሽከርካሪዎችን በማኅበር አደራጅቶ በቀጠና ደለደላቸው፤ ማን ከየት ወደ የት እንደሚጭን፣ በስንት እንደሚጭን ከላይ ይወሰን ጀመር። ነዳጅ በራሽን ሆነ። በከተማው ውስጥ የአውቶቡስ ታሪፍ በሳንቲም የሚቆጠር ሆኖ ቆየ።

በዚያ ዘመን የነበሩትን፣ ከኋላ ያለው የጭነት ቦታቸው አግዳሚ ወንበር የተገጠመላቸውን ታክሲዎች ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ሕዝቡ «ውይይት» የሚል ስም አወጣላቸው። በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ በሚደረግበት ዘመን ስሙ ምን ያህል ቀልድ እንደተሸከመ ለመረዳት አያስቸግርም። እኔም በልጅነቴ ከእናቴ ጋር በውይይት ተሳፍሬ ወደ ገበያ ሄጃለሁ፤ ከጉዞው ይልቅ የማስታውሰው ግን ከመሳፈራችን በፊት የቆምንበትን ጊዜ ነው።

ያ መቆም የዋጋው አካል ነበር። ታሪፉ ዝቅ ያለ በመሆኑ አዲስ ተሽከርካሪ ለመግዛት የሚያስችል ትርፍ አልነበረም፤ ቢኖርም የውጭ ምንዛሪና ፈቃድ አይገኝም። የሕዝቡ ቁጥር አደገ፤ የወንበሩ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም። ስለዚህ ተሳፋሪው በሳንቲም ያልከፈለውን በሰዓት ከፈለ። የመንግሥት መዝገብ ይህን ክፍያ አይመዘግብም። በወረፋ ላይ ያለፈ ሰዓት ደረሰኝ የለውም።

ከ1984 በኋላ፦ ነፃ ገበያው ያልደረሰበት ወንበር

በ1984 ዓ.ም. የቀጠናው ሥርዓት ፈረሰ፤ የግል ባለሀብት ተሽከርካሪ አስገብቶ በትራንስፖርት እንዲሠራ መንገድ ተከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 12 ሰው የሚጭነው ሚኒባስ የአዲስ አበባን ጎዳና ሞላው። ይህ ለከተማዋ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ሆኖም ነፃ የሆነው ወደ ሥራው መግባት ብቻ ነበር። ታሪፉ በመንግሥት እጅ ቀረ፤ የነዳጁ ዋጋም እንዲሁ። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ካቆመና የአሰብ ወደብ ከቀረብን በኋላ ደግሞ ነዳጃችን በሙሉ ተጣርቶ፣ በአብዛኛውም በጅቡቲ በኩል የሚገባ ሆነ። ዋጋው ከዓለም ገበያና ከዶላር ጋር በቀጥታ ተሳሰረ። መንግሥት ይህን ማዕበል ለማለዘብ የዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የዓለም ዋጋ ሲወርድ ፈንዱ ያጠራቅማል፤ ሲወጣ ይደጉማል።

ሐሳቡን የፈተነው 2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል 147 ዶላር ደረሰ። ፈንዱ ዕዳ ውስጥ ገባ። መንግሥት ድጎማውን ያነሣው ግን በ2001 መጀመሪያ፣ የዓለም ዋጋ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ በኋላ ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪ በሬዲዮ «ነዳጅ በዓለም ቀነሰ» የሚል ዜና እየሰማ በማደያው ጭማሪ ያየው ለዚህ ነው። በሒሳብ አያያዝ ረገድ ምክንያታዊ ነበር፤ ያለፈው ዕዳ መከፈል ነበረበት። በተሳፋሪው ዓይን ግን መንግሥት የሚጨምርበትን እንጂ የሚቀንስበትን ምክንያት የማያገኝ ሆኖ ታየ። ይህ ጥርጣሬ እስከ ዛሬ ድረስ በእያንዳንዱ የታሪፍ ማስታወቂያ ላይ ተለጥፎ ይኖራል።

የታሪፉ ወረቀትና የታክሲው ውስጥ

አሁን ከታሪኩ ቅደም ተከተል ለአፍታ ወጥቼ አንድ ታክሲ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ፤ የሕግና የአሠራር ልዩነት የሚታየው እዚህ ነውና።

ታሪፍ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ከዚህ እስከዚህ ይህን ያህል፣ ከዚያ ካለፈ ይህን ያህል ተብሎ ይደለደላል። ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ ሾፌር አይደለም። መኪናውን ለሾፌር ይሰጣል፤ ሾፌሩም በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባለታል። ከዚያ የተረፈው፣ ነዳጁ ተከፍሎ፣ የተራ አስከባሪው ተሰጥቶ፣ የረዳቱ ድርሻ ተቀንሶ፣ የሾፌሩ ነው። ይህን ልብ በሉ፦ የባለንብረቱ ገቢ ቋሚ ነው፤ ታሪፉ ቋሚ ነው፤ የሚዋዥቀው የነዳጁ ዋጋ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ጭማሪ በመጀመሪያ የሚያርፈው ከሁሉም በታች ባለው ሰው፣ በሾፌሩና በረዳቱ ትከሻ ላይ ነው።

እነርሱስ ምን ያደርጋሉ? በሕግ ታሪፉን መጨመር አይችሉም፤ ጉዞውን ግን ማሳጠር ይችላሉ። ከመገናኛ ፒያሳ ድረስ በአንድ ሒሳብ መሄድ የነበረበት ታክሲ አራት ኪሎ ላይ ያራግፍና እንደገና ይጭናል። ተሳፋሪው ለአንዱ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እያንዳንዱ ክፍያ በታሪፉ መሠረት ስለሆነ ሕግ የተጣሰ አይመስልም። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ትርፍ መጫን፣ ረጅሙን መስመር ትቶ ወደ አጭሩ መሮጥ፣ ሲመሽ ከታሪፍ በላይ መጠየቅም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የከተማው አስተዳደር በ2003 ገደማ ታክሲዎችን በመስመር ደልድሎ ታፔላ እንዲሰቅሉ ያደረገው አንድም ይህን ለመግታት ነበር። ታፔላው መኪናው የት መሥራት እንዳለበት ይናገራል፤ በዚያ መስመር መሥራት ያዋጣው እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

ስለዚህ የታሪፍ ጭማሪ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በማስታወቂያ ይመጣል፤ ቀኑና መጠኑ ይታወቃል። ሁለተኛው ያለ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ጥናት የማያገኘው፣ ምክር ቤት የማይወያይበት ነው። ኦፊሴላዊው ታሪፍ በቆመባቸው ዓመታት ሁሉ ሁለተኛው ሲሠራ ነበር።

በመንግሥት በሚተዳደረው ትራንስፖርትም ነገሩ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይቀርም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለድሃው ነዋሪ በረከት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ገቢው ግን ወጪውን፣ በተለይም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን መለዋወጫ አልሸፈነም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡር ሲቆም የጣቢያው ሰልፍ ይረዝማል፤ የቀረው ባቡር ይጨናነቃል። ርካሽ ትኬት ይዞ ባቡሩን ያላገኘ ሰው ወደ ታክሲው ተመልሶ ይከፍላል።

ከ2014 ወዲህ

በሐምሌ 2014 መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ የማንሣት ውሳኔውን ተግባራዊ ማድረግ ጀመረ። ለሁሉም የሚሰጠው ድጎማ ቀርቶ የሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች ብቻ በቴሌብር አማካይነት እንዲደጎሙ ተወሰነ። በመርህ ደረጃ ይህን እደግፋለሁ። ለሁሉም የሚሰጥ የነዳጅ ድጎማ አብዝቶ የሚጠቅመው አብዝቶ የሚቀዳውን ነው፤ ትልቅ የቤት መኪና ያለው ሰው በታክሲ ተጋፍቶ ከሚሄደው ሰው የበለጠ የድጎማ ተካፋይ መሆኑ ፍትሕ አልነበረም። የየካቲት 1966 ታሪክም በዚህ ውሳኔ ውስጥ ይሰማኛል፦ የነዳጁ ዋጋ ይንቀሳቀስ፣ ተሳፋሪው ግን ቀስ ብሎ ይድረሰው የሚል ጥንቃቄ ነበረበት።

ሆኖም አሠራሩ አዲስ ክፍተት ፈጠረ። አንድ ሊትር ነዳጅ ሁለት ዋጋ ሲኖረው፣ ርካሹን አግኝቶ ተሳፋሪ ከመጫን ይልቅ መልሶ መሸጥ የሚያዋጣበት ሰዓት ይመጣል። በማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን የሚያድር ታክሲም በዚያ ግማሽ ቀን ሰው አይጭንም። ድጎማው የታሰበው ለተሳፋሪው ነበር፤ መንገዱ ግን በነዳጅ ማደያ በኩል ስለሆነ ከተሳፋሪው ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ ያልፋል።

ዋጋው ራሱም አልቆመም። በሐምሌ 2014 በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ውሳኔ በትራንስፖርት ስም የተላለፈ አልነበረም። ጎማ፣ ዘይትና መለዋወጫ የሚገዛው ባለታክሲ ግን በዚያው ወር አወቀው። አሮጌ መኪና ላይ በ2012 የተጣለው ከባድ የኤክሳይዝ ታክስም እንዲሁ ስለ ታሪፍ አንዳች ቃል ሳይናገር አዲስ ወደ ሥራው ሊገባ ያሰበውን ሰው ወጪ ከፍ አድርጓል።

የቤት ፖሊሲም ከዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታና በመልሶ ማልማት ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከመሐል ከተማ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄዷል። ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ግን በአብዛኛው በነበረበት ቀርቷል። ቀድሞ በእግሩ ይሠራ የነበረ ሰው ዛሬ በአንድ አቅጣጫ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይይዛል። ለእርሱ ታሪፉ ሳይጨምር የትራንስፖርት ወጪው በእጥፍ አድጓል። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የወር ደመወዝ ወይም ከቤት የሚላክ ገንዘብ ሲከፋፈል ከምግብ ቀጥሎ የሚቀመጠው የታክሲ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎችና መደምደሚያ

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡብኝ ይችላሉ። የመጀመሪያው «እንግዲያው ታሪፉን ገበያው ይወስነው» የሚል ነው። ይህ ልዩነቱን በአንድ ጊዜ በተሳፋሪው ላይ ያሳርፈዋል። በማለዳ ሥራ መግባት ያለበት ሰው ሌላ አማራጭ ስለሌለው የዋጋ ድርድር ማድረግ አይችልም፤ አቅራቢውም ይህን ያውቃል። ሁለተኛው ተቃውሞ «መንግሥት ሁሉንም ይደጉም» የሚል ነው። የድጎማው ገንዘብ በመጨረሻ የሚወጣው ከግብር፣ ከብድር ወይም ብር ከማተም ነው፤ የመጨረሻው በዋጋ ንረት ተመልሶ ወደዚያው ተሳፋሪ ኪስ ይገባል።

እኔ ከታሪኩ የማነበው ከእነዚህ ከሁለቱም የተለየ ነው። የነዳጅን ዋጋ የሚወስነው የፌዴራል ሚኒስቴር ነው፤ የከተማን ታሪፍ የሚወስነው የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው። አንደኛው በየጊዜው ይከለሳል፤ የሌላኛው የቀን መቁጠሪያ አይታወቅም። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ሾፌሩ ያሳጥራል፤ ተሳፋሪው ይቆማል፤ በመጨረሻ ታሪፉ ሲወጣ ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቀን ይመጣና ሕዝቡን ያስደነግጣል። የነዳጅ ውሳኔና የታሪፍ ውሳኔ በአንድ ቀን ቢነገሩ፣ የተሰላበት መንገድም ለሕዝብ ቢገለጽ፣ ጭማሪው ባይቀርም ጥርጣሬው ይቀንሳል። ታሪፍ ሲጠናም የአንዱ ጉዞ ዋጋ ብቻ ሳይሆን አንድ ሰው ከቤቱ እስከ ሥራው በቀን ስንት ታክሲ እንደሚይዝና ስንት ሰዓት እንደሚቆም አብሮ መቆጠር አለበት። መንግሥት በ2016 ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ነገ ታክሲዎቻችን በኤሌክትሪክ ሲሠሩ የነዳጁ ቦታ በኃይል ታሪፉ ይተካል፤ ሁለቱን ዋጋዎች ማን እንዴት እንደሚያጣጥም የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነካ ይቆየናል።

ለታሪክ ተማሪዎቼ የምተወው የቤት ሥራ አለ። ስለ የካቲት 1966 ብዙ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃምሳ ዓመታት ስለወጡት ታሪፎች ግን የተጽፈው ጥቂት ነው። ሰነዶቹ በየጋዜጣው ጥራዝ፣ በየቢሮው መዝገብ፣ በባለታክሲዎች ማኅበራት ደብዳቤ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። ከእነርሱም በላይ በዕድሜ የገፉ ሾፌሮችና ረዳቶች አሉ። የወረቀቱን ታሪፍ ከቢሮው፣ የእውነቱን ታሪፍ ከእነርሱ ጠይቁ፤ በሁለቱ መካከል የምታገኙት ልዩነት የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።